352 ለ 40፦ ተዋጊ አብራሪ በጣላቸው አውሮፕላኖች ቁጥር ይመዘናል?

ንስር_ዓይን፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አየር ውጊያ ጀግኖች ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሰው ወዲያው ዝርዝር ይደረድራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመናዊው ኤሪክ ሃርትማን 352። ገርሃርድ ባርክሆርን 301። ጉንተር ራል 275። ከዚያ ወደ አሜሪካኖቹ ይወርድና ሪቻርድ ቦንግ 40 ይላል። «በቃ፣ ጀርመኖቹን የሚደርስባቸው የለም» ተብሎ ወሬው ይዘጋል።

እኔ አልስማማም። ቁጥሩ ስለ ሰውየው ከሚናገረው በላይ ስለገባበት ጦርነት የሚናገር ይመስለኛል። እስቲ ከመነሻው ልጀምር። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲጀመር አውሮፕላን የስለላ መሣሪያ ነበር። አብራሪዎች ሰማይ ላይ ሲገናኙ በሽጉጥና በጠመንጃ ይታኮሱ ነበር። ነገሩን የለወጠው መትረየስ ነው። እሱን ደግሞ የት ይጠምዱታል? አብራሪው የሚያነጣጥረው ወደፊት ነው፤ ፊት ለፊቱ ደግሞ ፕሮፔለሩ ይሽከረከራል። ዛሬ የፓሪሱ ቴኒስ ሜዳ በስሙ የሚጠራው ሮላን ጋሮስ መላ ዘየደ። የፕሮፔለሩ ክንፎች ላይ የብረት ሽብልቅ አሰረ። ጥይት ቢመታቸው ነጥሮ ይሄዳል። በኤፕሪል 1915 በዚህ ዘዴ ሦስት አውሮፕላን ጣለ። ወሩ ሳያልቅ ግን ከጀርመኖች ወገን ለማረፍ ተገደደና ተማረከ። አውሮፕላኑም በእጃቸው ገባ። ከዚያ ለጀርመኖች አውሮፕላን የሚሠራው አንተኒ ፎከርና መሐንዲሶቹ የተሻለውን ይዘው መጡ። የ1915 በጋ የፎከር ሆነ።

«ኤስ» የሚለው ስም የመጣው ከፈረንሳይ ጋዜጦች ነው። በካርታ ጨዋታ የምናውቀው «አስ» ማለት ነው። አምስትና ከዚያ በላይ የጣለ ሰው በዚህ ስም መጠራት ጀመረ። የመጀመሪያው ኤስ አዶልፍ ፔጉ ነው። እሱን በኦገስት 1915 መትቶ የገደለው ካንዱልስኪ የሚባል ጀርመናዊ ከጦርነቱ በፊት ያስተማረው ተማሪው ነበር። ካንዱልስኪ የገደለው ማን እንደሆነ ሲያውቅ ተመልሶ በመምህሩ መስመር ላይ የአበባ ጉንጉን ጣለ። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል።

አሁን ወደ ነጥቤ። ብዙ ሰው ኤስ ሲባል የሚመስለው በሰማይ ላይ የሚገለባበጥ አክሮባተኛ ነው። ታላላቆቹ ግን እንዲህ አልነበሩም። 80 አውሮፕላን የጣለው «ቀዩ ባሮን»፣ ማንፍሬድ ፎን ሪችትሆፈን፣ መገለባበጥን ከቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር። አዳኝ ነበር። ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ፣ ከላይ ወርዶ፣ ተጠግቶ ይተኩሳል። ሃርትማንም በራሱ ዘዴ አራት ደረጃ ነበረው። እይ፣ ወስን፣ ምታ፣ ዘወር በል። ሲጠጋ የጠላት አውሮፕላን የፊት መስታወቱን እስኪሞላ ይጠጋል። ከዚህ ርቀት ተኩሶ መሳት ይከብዳል። እንዲያውም 16 ጊዜ በግዳጅ ሲያርፍ ብዙውን ጊዜ ጉዳት ያደረሰበት ራሱ ከመታው አውሮፕላን የተበታተነ ስብርባሪ ነው።

ስለዚህ ኤስ ማለት ለእኔ ቀድሞ ያየ ሰው ነው። ከተመቱት አብዛኞቹ ማን እንደመታቸው እንኳ ሳያዩ ነው የወደቁት።

ጀማሪዋ፦

በጣም ደስ የሚል ጽሑፍ ነው። አንድ ጥያቄ አለኝ። ፎከር ያመጣው «የተሻለው» ምንድን ነው? ጥይቱ በሚሽከረከር ፕሮፔለር መሀል እንዴት ነው የሚያልፈው? ደግሞስ ለምን አምስት? ለምን አስር አልሆነም?

የድሮ_መካኒክ፦

የኔ ልጅ፣ የመጀመሪያውን እኔ ልመልስልሽ፤ ሙያዬ ነው።

ሞተሩ በደቂቃ 1,200 ጊዜ ይዞራል እንበል። ፕሮፔለሩ ሁለት ክንፍ አለው። ስለዚህ በመትረየሱ አፈሙዝ ፊት በደቂቃ 2,400 ጊዜ፣ ማለትም በሴኮንድ 40 ጊዜ ክንፍ ያልፋል። ዓይን አይደርስበትም። ሞተሩ ግን ራሱ ያውቀዋል፤ የሚያዞረው እሱ ነዋ! ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚዞር አንድ ጎን ያበጠ ብረት ይገጠማል። ያበጠው ቦታ ሲደርስ ዘንጉን ይገፋል፣ ዘንጉ ደግሞ የመትረየሱን ምላጭ ይነካል። የሚነካው ክንፉ ካለፈ በኋላ ብቻ ነው። አብራሪው ጣቱን ጭኖ ሲይዝ «ተኩስ» አላለም፤ «ስታገኝ ተኩስ» ነው ያለው። መቼ የሚለውን ሞተሩ ይወስናል። ማስተካከያው ትንሽ ከተዛባ የራስህን ፕሮፔለር በጥይት ትቆርጠዋለህ። ደርሶባቸዋልም።

ሌላ ነገር ልጨምር። ፎቶ ላይ አብራሪዎቹ አንገታቸው ላይ የሐር ሻርፕ ያደርጋሉ አይደል? ለማማር ይመስላል። ንስር_ዓይን ካለው ጋር የሚገናኝ ነው። በየሴኮንዱ ግራ፣ ቀኝ፣ ኋላ፣ ላይ እያሉ ነው የሚበሩት። የቆዳው ኮሌታ አንገታቸውን እየፋቀ ያቆስለዋል። ሐሩ ለዚያ ነው። በዚያ ላይ የብዙዎቹ ሞተር የሚለሰልሰው በጉሎ ዘይት ነበር። ዘይቱ እየተረጨ መነጽራቸውን ይሸፍናል። በሻርፑ ይጠርጉታል። ማየት ማለት መኖር ነበር።

ንስር_ዓይን፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው የለም።

ጀማሪዋ፣ አምስት የሆነው በልማድ ነው። ጀርመኖች መጀመሪያ ላይ ከፍ ያለ መለኪያ ነበራቸው። ትልቁን ሜዳሊያ ለመሸለም በ1916 ስምንት ይጠይቁ ነበር፤ ሪችትሆፈን በጃንዋሪ 1917 ሲያገኘው 16 ደርሶ ነው። መስፈርቱ ራሱ ከአገር አገር ይለያያል ለማለት ነው።

ሒሳብ_ሠሪ፦

ወንድሜ ንስር፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው፤ ግን አለሳልሰኸዋል። ቁጥሮቹ ራሳቸው አይታመኑም። ሴፕቴምበር 15 ቀን 1940 በብሪታኒያ ሰማይ ላይ ትልቅ ውጊያ ነበር። በዕለቱ 185 የጀርመን አውሮፕላን እንደተጣለ ተነገረ። ከጦርነቱ በኋላ የጀርመን መዝገብ ሲገለጥ ወደ 60 ገደማ ሆኖ ተገኘ። ከሦስት እጅ አንድ እጅ ማለት ነው።

ዋሽተው አይደለም። ሦስት አብራሪዎች አንዱን አውሮፕላን በየተራ ይመቱታል። ሦስቱም እውነታቸውን ነው፤ ሲጨስ አይተዋል። እስከ መሬት ድረስ ላረጋግጥ ብሎ ዓይኑን የተከለ ደግሞ ከኋላ ይመታል። በመጀመሪያው ጦርነት እንግሊዞች «መቆጣጠር አቅቶት ወረደ» የሚባለውንም ይቆጥሩ ነበር። ፈረንሳዮቹ ይጠብቃሉ። ሬኔ ፎንክ 75 ጸድቆለታል፤ እሱ ራሱ ግን ከመቶ በላይ ጥያለሁ ባይ ነበር። እና የሁለት አገር ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ብርንና ኩንታልን መደመር ነው።

ብረት_ክንፍ፦

እሺ፣ ከ352 ላይ ሲሶውን ቀንሱለት። አሁንም ከሁለት መቶ በላይ ነው። የጀርመኖቹ ሥልጠናና ብቃት የበለጠ መሆኑን ለምን አትቀበሉም?

ንስር_ዓይን፦

ብረት_ክንፍ፣ ጥያቄህን እወደዋለሁ። እስቲ አብረን እናስላው።

ሃርትማን 1,404 ጊዜ ለግዳጅ በሯል። 352 ጥሏል። በአራት በረራ አንድ።

ቦንግ ከ200 በላይ ግዳጅ ሄዷል። 40 ጥሏል። በአምስት በረራ አንድ።

ሶቪየታዊው ኢቫን ኮዜዱብ 330 ግዳጅ፣ 62። እሱም በአምስት በረራ አንድ ገደማ።

እያየኸው ነው? በአንድ በረራ ሲታሰብ ሰዎቹ ጎን ለጎን ናቸው። ሰማይና ምድር ያደረጋቸው የበረሩት ብዛት ነው። አሜሪካኖች ጥሩ አብራሪያቸውን ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ከግንባር ያወጡታል፤ ሄዶ ሌሎችን ያስተምራል። ቦንግን 40 ሲሞላ ወደ አገሩ መለሱት። ጀርመን ግን የሚተካ ሰው አልነበራትም። አብራሪው እስኪሞት፣ እስኪቆስል ወይም ጦርነቱ እስኪያልቅ ይበራል። ሃርትማን የመጨረሻውን አውሮፕላን የጣለው ሜይ 8 ቀን 1945፣ ጦርነቱ ባለቀበት ዕለት ነው። ከዚያ እስከ 1955 በሶቪየት እስር ቤት ቆየ።

ቦንግም ብዙ አልኖረም። ኦገስት 6 ቀን 1945 አዲሱን ጄት ሲሞክር ሞተሩ ቆመና ሞተ። ሂሮሺማ ላይ ቦምብ በተጣለበት ቀን።

ብረት_ክንፍ፦

ስሌቱን ተቀብያለሁ። ግን አንድ ነገር ልመልስልህ። 1,404 ጊዜ ወጥቶ በሕይወት መመለስ ራሱ ችሎታ አይደለም? ከሃርትማን ጋር የጀመሩት ስንቶች ናቸው በአስረኛው በረራ የቀሩት።

ንስር_ዓይን፦

ልክ ነህ። እሱን አልክድም። መትረፍን ከችሎታ ቆጥሬው አላውቅም ነበር፤ መቁጠር ነበረብኝ። እንዲያውም ከሁሉም የሚገርመኝ በዚህ ነው፦ ፊንላንዳዊው ኢልማሪ ዩቲላይነን። 94 አውሮፕላን ጣለ። አሜሪካኖቹ የናቁትን ብሩስተር ቡፋሎ አውሮፕላን ይዞ ጭምር። በሁለት ጦርነት ውስጥ አንድም የጠላት ተዋጊ ጥይት አልነካውም። አንድም! ምርጥ ምረጥ ብትሉኝ እሱን ነው የምመርጠው።

ሰማያዊት፦

ስለ ሴቶቹ አንድም ሰው ሳይተነፍስ እዚህ ደረሳችሁ። በታሪክ ኤስ የተባሉ ሴቶች ሁለት ናቸው። ሊዲያ ሊትቪያክና የካቴሪና ቡዳኖቫ። ሁለቱም የሶቪየት። ሊዲያ መብረር የጀመረችው በ14 ዓመቷ በበረራ ክበብ ነው። በሴፕቴምበር 1942 በስታሊንግራድ ሰማይ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት በአንድ ቀን ጣለች። ያበረረችው ያክ-1 ነበር።

ቡዳኖቫ በጁላይ 1943 ተመታ ሞተች። ሊዲያ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ኦገስት 1 ቀን ወጥታ አልተመለሰችም። 22 ዓመት ሊሞላት ቀናት ቀርተው ነበር። አስከሬኗ ስላልተገኘ ተማርካ ይሆናል ተባለ። በዚያ ጊዜ መማረክ እንደ ክህደት ስለሚቆጠር የጀግና ማዕረጉ ተከለከለች። የተሰጣት በ1990 ነው። 47 ዓመት ዘግይቶ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ የሚሞት ከሆነ እሷ እንደዚያ ነው የሞተችው።

ጀማሪዋ፦

ሰማያዊት እህቴ፣ ስሟን አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ። ሌላ ጥያቄ። ቀዩ ባሮን እንዲህ ጠንቃቃ ከነበረ እንዴት ተመታ?

ሒሳብ_ሠሪ፦

የመምህሩን ሕግ ጥሶ። ኦስቫልድ ቦልከ የሚባል 40 የጣለ አዛዥ ነበረው። የመረጠውና ያስተማረው እሱ ነው። ቦልከ ስምንት ሕጎች ጽፏል፤ ፀሐይን ከጀርባህ አድርግ፣ ተጠግተህ ብቻ ተኩስ፣ የጀመርከውን ጨርስ የመሳሰሉ። ከነዚያ አንዱ «በጠላት መስመር ላይ ስትሆን የምትመለስበትን መንገድ አትርሳ» ይላል።

ኤፕሪል 21 ቀን 1918 ሪችትሆፈን ዊልፍሪድ ሜይ የሚባል ጀማሪ አብራሪ ያሳድዳል። ሶም ወንዝን ተከትሎ፣ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ጠላት መሬት ውስጥ። ለሌላ ሰው ቢሆን «ተመለስ» የሚለው እሱ ነበር። አንዲት ጥይት ከቀኝ ብብቱ ሥር ገብታ በደረቱ ወጣች። ክብሩ ለካናዳዊው አብራሪ ሮይ ብራውን ተሰጠ። የጥይቷን አቅጣጫ ያጠኑ ብዙዎች ግን ከመሬት የተተኮሰች ናት ይላሉ፤ አውስትራሊያዊው መትረየስ ተኳሽ ፖፕኪን ሳይሆን አይቀርም። 25 ዓመቱ ነበር። የቀበሩት ጠላቶቹ አውስትራሊያውያን ናቸው፣ በሙሉ ወታደራዊ ክብር።

ቦልከን ራሱን የገደለው ጠላት አይደለም። በኦክቶበር 1916 አንድ እንግሊዛዊ ሲያሳድድ ከገዛ ጓደኛው አውሮፕላን ጋር ተነካካ።

የድሮ_መካኒክ፦

እኔን ሁልጊዜ የሚያናድደኝ የፓራሹቱ ነገር ነው። በዚያ ጦርነት በባሉን ላይ የሚቀመጡት ታዛቢዎች ፓራሹት ነበራቸው። የእንግሊዝ አውሮፕላን አብራሪዎች ግን እስከ መጨረሻው አልተሰጣቸውም። ክብደቱ አንዱ ምክንያት ነው። አብራሪው አውሮፕላኑን ቶሎ ጥሎ ይዘላል የሚል ስጋትም ነበር። አውሮፕላኑ እንጨትና ሸራ ነው፤ ቤንዚኑ በአብራሪው ፊት ነው። እሳት ሲነሳ የት ይሄዳል? 61 የጣለው ኤድዋርድ ማኖክ ሽጉጥ ይዞ ይበር ነበር፤ ከተቃጠልኩ ራሴን አጠፋለሁ ብሎ። በጁላይ 1918 አውሮፕላኑ በእሳት ተያይዞ ወደቀ።

ጀርመኖች በዚያው ዓመት ፓራሹት ማደል ጀመሩ። ኤርንስት ኡደት በጁን ዘሎ ተረፈ። 62 የደረሰው ከዚያ በኋላ ተመልሶ ነው። የአንድ ጨርቅ ጉዳይ ነው ልጆቼ።

ሚግ_21፦

ከፕሮፔለር ወጥተን ወደ ጄት እንግባ። በኮሪያ ጦርነት የሶቪየቶቹ ሚግ-15 እና የአሜሪካኖቹ ኤፍ-86 ተፋጠጡ። ብዙዎቹን ሚጎች የሚያበሩት ሶቪየቶች ነበሩ፤ ግን በምስጢር። በሬዲዮ ሩሲያኛ እንዳይናገሩ ታዘዋል። ውጊያ ሲጦፍ ማን ያስታውሰዋል? በአፍ መፍቻቸው ይጮሁ ነበር። ኒኮላይ ሱቲያጊን ከ20 በላይ ጥሏል፤ አሜሪካዊው ማኮኔል 16።

ቬትናም ላይ ደግሞ «ከእንግዲህ ሚሳይል ነው» ተብሎ ኤፍ-4 ያለ መትረየስ ተላከ። ሚሳይሉ ደጋግሞ ከሸፈ። አሜሪካ በዚያ ረጅም ጦርነት ያፈራችው አምስት ኤስ ብቻ ነው፤ ሦስቱ ደግሞ ከኋላ ወንበር ራዳር የሚያዩት ናቸው። ቬትናማዊው ንጉየን ቫን ኮክ ብቻውን 9 ጥሏል። በ1969 የአሜሪካ ባሕር ኃይል የአየር ውጊያ ትምህርት ቤት የከፈተው ለዚህ ነው።

ያ ልምድ እኛም ጋ ደርሷል። አሜሪካኖች በልምምድ ላይ ሚግ-21ን ወክሎ እንዲጫወት የመረጡት ኤፍ-5ኢን ነው፤ ትንሽ፣ ቀልጣፋ ስለሆነ። በ1977 በኦጋዴን ኤፍ-5ኢ ከእውነተኛው ሚግ-21 ጋር ተገናኘ። የኢትዮጵያ አብራሪዎች ሰማዩን ያዙት። ከነሱ አንዱ ለገሰ ተፈራ ነው። የሶማሊያ ሚጎችን ከጣለ በኋላ እሱም ተመትቶ ተማረከና ከአስር ዓመት በላይ እዚያ ታሰረ። ስለ ኤስ ስናወራ ስሙ ሊነሳ ይገባል።

ጀማሪዋ፦

አሁንስ ኤስ አለ?

ንስር_ዓይን፦

ከኮሪያ ጦርነት ወዲህ ከሁሉም የሚበልጠው እስራኤላዊው ጊዮራ ኤፕስታይን ነው፤ 17። መጀመሪያ ልቡ ትልቅ ነው ተብሎ ከበረራ ተከልክሎ ነበር። ቅጽል ስሙ «የጭልፊት ዓይን» ነው። ሌሎች ነጥብ እንኳ ሳይታያቸው እሱ አውሮፕላኑን ያያል ይባልለት ነበር። አያችሁ፣ ከመቶ ዓመት በፊትም ከዚያ ወዲህም ነገሩ ዓይን ነው። ኢራናዊው ጃሊል ዛንዲ በኤፍ-14 11 እንደደረሰ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ሰማይ ላይ የሚገጥም አልተገኘም። ራዳር ከመቶ ኪሎ ሜትር ያያል፤ የሚተኮሰውም ከዚያ ርቀት ነው። ደካማው ወገን አውሮፕላኑን መሬት ላይ ይደብቃል።

ሰማያዊት፦

ከመዝጋታችሁ በፊት ይህን ላካፍላችሁ። ዲሴምበር 20 ቀን 1943። ቻርሊ ብራውን የሚባል የ21 ዓመት አሜሪካዊ ብሬመንን ደብድቦ ይመለሳል። የቢ-17 ቦምብ ጣዩ አፍንጫ ተበጣጥሷል። የጅራቱ ተኳሽ ሞቷል። አንድ የጀርመን ሜሰርሽሚት ተዋጊ አውሮፕላን ከኋላው ይደርሳል። አብራሪው ፍራንዝ ስቲግለር፣ ኤስ ነው። ጣቱ ምላጩ ላይ ነው። ከጅራቱ የሚተኩስበት ጠፋ። ጠጋ አለ። በተቀደደው ጎን ውስጥ ወታደሮቹ አንዱ ሌላውን ሲያስታምሙ አየ። ድሮ በአፍሪካ ሳለ አዛዡ «በፓራሹት የወረደ ሰው ስትተኩስ ካየሁ እኔው ራሴ እተኩስብሃለሁ» ብሎት ነበር። ለስቲግለር እነዚህ በፓራሹት ላይ እንዳሉ ሆኑበት። ጎኑ ሆኖ ባሕሩ ድረስ ሸኘው፤ የጀርመን ፀረ አውሮፕላን ጓዶቹ እንዳይተኩሱበት።

ቢታወቅ ኖሮ በሞት ይቀጣ ነበር። ለማንም አልተናገረም። ብራውን ሲፈልገው ኖሮ በ1990 አገኘው። እስከ ዕለተ ሞታቸው እንደ ወንድማማች ኖሩ። ሁለቱም የሞቱት በ2008 ነው፣ በወራት ልዩነት።

ጀማሪዋ፦

እንባዬ መጣ። የብራውን ሰዎችስ? እነሱ አልተኮሱበትም?

ሰማያዊት፦

ብራውን ምን እንዳሰበ አላወቀም ነበር። የላይኛውን ተኳሽ «አነጣጥርበት፣ ግን አትተኩስ» አለው። አፈሙዙ ወደሱ ሲዞር ስቲግለር አየ። በእጁ ሰላምታ ሰጠና ዞሮ ሄደ።